ዓሣ የሚቆጠርበት ወንዝ

ልጆቻቸውን ለመጠየቅ አሜሪካ ደርሰው የሚመለሱ የዕድሜ እኩዮቼ የሚያወሩት ወሬ አንድ ዓይነት ነው። የመደብሩ ስፋት፣ የመንገዱ ጥራት፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ በአዘቦቱ ቀን ደግሞ ልጆች ወደ ሥራ፣ የልጅ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ግድግዳ ቆጥሮ መዋል። በሰሜን ምዕራቡ ጫፍ፣ በፖርትላንድና በሲያትል ልጅ ያለው ደግሞ የማያባራውን ዝናብ ይጨምርበታል። በእነዚህ ሁለት ከተሞች ብዙ ሐበሻ ስለሚኖር፣ ይህን ከሚያነቡት መካከል ወደዚያ ለመሄድ ሻንጣ የሚያዘጋጁ እንደማይጠፉ አምናለሁ። ለእነሱ አንድ ምክር አለኝ። ጉዟችሁ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ከሆነ ልጆቻችሁን «ወንዝ አሳዩን» በሏቸው።

ወንዙ ኮሎምቢያ ይባላል። ከካናዳ ተራሮች ተነስቶ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በመጨረሻም የዋሽንግተንና የኦሪገን ግዛቶች ድንበር ሆኖ ሰላማዊ ውቅያኖስ ይገባል። ከሰሜን አሜሪካ ወደዚያ ውቅያኖስ ከሚፈስሱት ወንዞች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። በፖርትላንድ መሐል የሚያልፈው ደግሞ ዊላሜት ነው፤ ወደ ሰሜን ፈስሶ ከከተማዋ ጥግ ከኮሎምቢያ ጋር ይቀላቀላል።

ልጄና ባሏ የሚኖሩት ከዊላሜት ብዙ በማይርቅ ሰፈር ነው። የልጄ ባል በዚያ አገር ከሥራ ባልደረቦቹ ዓሣ ማጥመድ ለምዷል። መጀመሪያ ሲነግረኝ ፈገግ አልኩ። በእኛ ዘንድ ዓሣ ማጥመድ ወይ የሐይቅ ዳር ሰው እንጀራ ነው፣ ወይ የልጆች ጨዋታ። እዚያ ግን ሐኪሙም፣ አናጢውም፣ የባንክ ሠራተኛውም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ ጀልባውን በመኪና እየጎተተ ወደ ወንዝ ይወርዳል።

ወንዝም የሕመምተኛ ካርድ አለው

እኔ ወንዝ ዳር ተደርሶ መንጠቆ የሚወረወር መስሎኝ ነበር። የልጄ ባል ግን ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ ስልኩ ላይ ቁጥር ያያል። የሕሙማንን ሙቀት፣ የልብ ምትና የደም ግፊት በየሰዓቱ ስመዘግብ የኖርኩ ነርስ ስለሆንኩ ነገሩ ቶሎ ገባኝ። ለካ ወንዝም ካርድ አለው!

አንደኛው ቁጥር የውኃው ሙቀት ነው። ሳልሞን በጣም በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ይፈዝዛል፤ ሽቅብ መጓዙንም መንጠቆ መንከሱንም ይቀንሳል። የውኃው ሙቀት ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጠጋ ይነቃል። ይህ የሚሆነው እኛ በልግ በምንለው፣ እነሱ ጸደይ በሚሉት ወቅት ነው።

ሁለተኛው የውኃው ቀለም ነው። ከባድ ዝናብ ጥሎ ወንዙ ሲደፈርስ ዓሣው አፍንጫው ሥር ያለውን እንኳ አያይም። ጨርሶ ሲጠራ ደግሞ የሰው ጥላ አይቶ ይሸሻል። ዝናቡ አቁሞ፣ ውኃው እየጎደለ፣ ድፍርሱ ወርዶ አረንጓዴ መልክ ሲይዝ ያን ጊዜ አጥማጆች ከሥራ ፈቃድ ይጠይቃሉ ይባላል።

ሦስተኛው የውኃው ብዛትና ፍጥነት ነው። ክረምቱን በተራራ ላይ የተከመረው በረዶ በግንቦትና በሰኔ ሲቀልጥ ኮሎምቢያ ይሞላል፤ ግንድ ሳይቀር እያንከባለለ ይወርዳል። ስለዚህ የጸደይ አጥማጅ በሁለት ነገር መካከል ነው የሚሠራው። ቀድሞ ከሄደ ውኃው ይበርዳል፤ ከዘገየ ይሞላል።

አራተኛው ባሕሩ ነው። ውቅያኖሱ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። የሙላቱ ግፊት በኮሎምቢያ ላይ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይሰማል። ውኃው ወደ ባሕር ሲወርድ ጀልባቸውን በመልህቅ አቁመው ዓሣው እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ሲረጋ ወይም ሲመለስ ሞተሩን በቀስታ እያስኬዱ መንጠቆውን ከኋላ ይጎትታሉ። ከባሕር ይህን ያህል የራቀ ሰው የባሕሩን ሰዓት አይቶ ሲነሳ ማየት ለእኔ አዲስ ነገር ነበር።

ሦስቱ ዓሦች

በጸደይ ሰው የሚፈልጋቸው ሦስት ዓሦች ናቸው።

የመጀመሪያው ቺኑክ የሚባለው ሳልሞን ነው። በሰላማዊ ውቅያኖስ ካሉት የሳልሞን ዓይነቶች ሁሉ ትልቁ እሱ ሲሆን፣ ስሙ የመጣው በወንዙ መግቢያ ከሚኖረው የቺኑክ ሕዝብ ነው። ሳልሞን ወንዝ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ባሕር ወርዶ ያድጋል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ተወለደበት ወንዝ ተመልሶ እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል። የጸደይ ቺኑክ የሚባለው ከየካቲት ጀምሮ ወንዝ ይገባል፤ እንቁላል የሚጥለው ግን በበጋቸው መጨረሻ፣ በእኛ ነሐሴና መስከረም ነው። ወንዝ ከገባ በኋላ ምግብ አይበላም። ስለዚህ የወራት ስንቁን በገላው ቋጥሮ ነው የሚመጣው። ሥጋው በስብ የበለጸገ፣ ሰውም የሚሻማበት ለዚህ ነው። ታዲያ የማይበላ ዓሣ መንጠቆ ለምን ይነክሳል? አጥማጆች ከልማዱ ወይም ከቁጣው የተነሳ ነው ይላሉ።

ሁለተኛው ስቲልሄድ ነው፤ «ብረት ራስ» እንደማለት። ይህ ዓሣ ለእኛ ባዳ አይደለም። በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ያለው፣ ከኬንያ አምጥተው የጨመሩት ቀስተ ደመና ትራውት የዚሁ ወገን ነው። ዝርያው አንድ ነው፤ በወንዝ የሚቀረው ትራውት፣ ባሕር ወርዶ ተመልሶ የሚመጣው ስቲልሄድ ይባላል። የባሌው ባሕር ስለሌለው ትራውት ሆኖ ቀርቷል። ስቲልሄድ ከሳልሞን የሚለየው እንቁላሉን ጥሎ የግድ የማይሞት በመሆኑ ነው። የተወሰኑት ወደ ባሕር ተመልሰው ሌላ ጊዜ ዳግም ይመጣሉ።

ሦስተኛው ስተርጅን ነው። ስለ እሱ ቆየት ብዬ እመለሳለሁ።

የተለቀቀችው ዓሣ

በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ አራት ሆነን ወጣን፤ እኔ፣ የልጄ ባል፣ አንድ ጓደኛውና የ9 ዓመቱ የልጅ ልጄ። ሰማዩ ዳመና ነበር፣ ውኃው አረንጓዴ። አምስት ሰዓት ያህል ምንም አልነበረም። ልጁ ሳንድዊቹን ጨርሶ የእኔንም በልቶ ሊተኛ ሲል ዘንጉ ጎበጠ።

አባቱ ከኋላ አቅፎ እየደገፈው ልጁ ራሱ ሳበ። ክሩ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። ዓሣዋ ጀልባው አጠገብ ደርሳ መረብ ሲገባላት አዲስ እንደተወለወለ ሰሃን ታበራ ነበር። ከልጁ ክንድ ትረዝማለች። አባቱ ጎንበስ ብሎ ጀርባዋን አየ። ከዚያም መረቡን ከውኃ ሳያወጣ መንጠቆውን በመቆንጠጫ ነቅሎ፣ ዓሣዋን ፊቷን ወደ ወራጁ አዙሮ ያዛት። ትንሽ ቆይታ ጅራቷን መትታ ሄደች።

ልጁ አለቀሰ። እኔም በሆዴ «ምነው!» አልኩ። 

ምክንያቱ ይህ ነው። በእነዚህ ወንዞች ሁለት ዓይነት ሳልሞንና ስቲልሄድ አለ። አንዱ መንግሥት በዓሣ ማራቢያ ጣቢያ አስፈልፍሎ የሚለቀው ነው፤ ሌላው በወንዙ ውስጥ በተፈጥሮ የተወለደው። በጣቢያ የሚፈለፈሉት ገና ትንንሽ ሳሉ ጀርባቸው ላይ፣ ከጅራቱ ቀደም ብላ ያለችው ትንሽ የሥጋ ክንፍ ትቆረጣለች። ስለዚህ ያቺ ክንፍ የሌለችው ዓሣ በደንቡ መሠረት ትወሰዳለች፤ ክንፏ ያላት የተፈጥሮ ናት፣ ትለቀቃለች። የእኛዋ ክንፏ ነበራት።

«ማን ያየናል?» አለ ልጁ በእንግሊዝኛና በአማርኛ እየቀላቀለ። እውነቱን ነው፤ በአካባቢው ተቆጣጣሪ አልነበረም። አባቱ አልተቆጣም። «የእሷን እናት ይዞ የነበረ ሰው ባይለቅ ኖሮ እሷ ዛሬ ከየት ትመጣልህ ነበር?» አለው። ልጁ መልስ አልሰጠም። ባዶ እጃችንን ቤት ገባን፤ ልጄ የቀቀለችውን ድንች በምስር በላን።

ከመስታወቱ በስተጀርባ

በሚቀጥለው ሳምንት ልጁን ይዘን ወደ ቦንቪል ግድብ ሄድን። ከፖርትላንድ ወደ ምሥራቅ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሁለቱም ወገን ገደል፣ ጥድና ፏፏቴ ያለበት፣ የዓባይን ሸለቆ ለሚያውቅ ሰው እንኳ የሚያስደንቅ መንገድ ነው። ግድቡን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በይፋ የመረቁት እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ከባሕር ለሚመጣ ዓሣ በኮሎምቢያ ላይ የመጀመሪያው ግድብ እሱ ነው።

ግድብ ለሳልሞን ግንብ ነው። ስለዚህ በጎኑ የዓሣ መሰላል ሠርተውለታል። ከሲሚንቶ የተሠሩ ተራ በተራ ከፍ የሚሉ ገንዳዎች ናቸው፤ ውኃው ከላይኛው ወደ ታችኛው ይፈስሳል፣ ዓሣው ከታችኛው ወደ ላይኛው እየዘለለ ወይም በቀዳዳው እየሾለከ ይወጣል። በመሰላሉ ላይ አንድ ቦታ መተላለፊያው ይጠብና በመስታወት መስኮት ፊት ያልፋል። እዚያ እያንዳንዱ ዓሣ ይቆጠራል። በዝርያ በዝርያው፣ ክንፉ የተቆረጠውና ያልተቆረጠው ተለይቶ ይመዘገባል። ይህ ቆጠራ ከ1938 ጀምሮ አለ። በየቀኑም ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። የልጄ ባል ስልኩ ላይ የሚያየው አንዱ ቁጥር እሱ ነበር።

ቁጥሩ ለወሬ አይደለም። ዓሣ ማጥመድ የሚፈቀደውና የሚዘጋው በእሱ ላይ ተመሥርቶ ነው። የመጣው ዓሣ ከተጠበቀው ካነሰ ሰው ጀልባውን ይዞ ቢወጣም በዚያ ሳምንት ይዘጋል። አጥማጆቹ ያጉረመርማሉ፤ ግን ጀልባቸውን ይዘው ይመለሳሉ።

እዚህ የተደረሰው በብዙ ኪሳራ ነው። ነጮች ከመምጣታቸው በፊት በየዓመቱ ወደ ኮሎምቢያ የሚገባው ሳልሞንና ስቲልሄድ ከ10 እስከ 16 ሚሊዮን እንደነበር ይገመታል። ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኋላ የቆርቆሮ ፋብሪካዎች ተተከሉና ያለ ልክ ተጠመደ። ደኑ ተመነጠረ፣ ውኃው ለመስኖ ተጠለፈ፣ ግድቦች ተደረደሩ። ከሁሉም ትልቁ፣ ግራንድ ኩሊ የሚባለው፣ የዓሣ መሰላል እንኳ የለውም፤ ከእሱ በላይ ያለው ወንዝ ለሳልሞን ከተዘጋ ከ80 ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬ በኮሎምቢያ ተፋሰስ 13 የሳልሞንና የስቲልሄድ ወገኖች የመጥፋት አደጋ ያሰጋቸዋል ተብለው በሕግ ይጠበቃሉ። መቁጠሩ፣ ክንፍ መቁረጡ፣ መልቀቁ ሁሉ ከጠፋው የተረፈውን ለማቆየት ነው።

በመስኮቱ ፊት ግማሽ ሰዓት ቆምን። የልጅ ልጄ ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ። አንዷ ዓሣ ክንፏ ያልተቆረጠ ነበረች። «ይቺ ናት» አለኝ። አልተከራከርኩትም።

የወንዙ አያት

ከግድቡ አጠገብ የዓሣ ማራቢያ ጣቢያ አለ። እዚያ በመስታወት በሚታይ ኩሬ ውስጥ ኸርማን የሚባል ስተርጅን ይኖራል። ከ3 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ክብደቱ ከ200 ኪሎ ይበልጣል፣ ዕድሜው ከ80 ዓመት ያልፋል። በእውነቱ ፊት ለፊት ስንተያይ ሰላምታ ልሰጠው ዳዳኝ።

ነጭ ስተርጅን በሰሜን አሜሪካ ወንዞች ከሚገኙት ዓሦች ሁሉ ትልቁ ነው። ዘሩ ከዳይኖሰር ዘመን የመጣ ነው። ቅርፊት የለውም፤ በምትኩ በጎንና በጎኑ የአጥንት ጋሻ ተደርድሮለታል። ጥርስም የለውም። በአፉ ፊት ባሉት አራት ጺሞቹ የወንዙን ወለል እየዳሰሰ ምግቡን ይለያል፤ ስለዚህ ውኃው ቢደፈርስም እንደ ሳልሞን አይቸገርም። ከ100 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል።

የስተርጅን ነገር ወላጆችንና አያቶችን የሚመለከት ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው። ሴቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቁላል የምትጥለው ዕድሜዋ ከ15 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው፤ ብዙዎቹ 20 እና 25 ዓመት ይቆያሉ። ከዚያ በኋላም በየዓመቱ አትወልድም፤ በመካከሉ ዓመታት ታርፋለች። ነገር ግን ባደገች ቁጥር የእንቁላሏ ብዛት ይጨምራል። በማዋለጃ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት 40 ዓመት ያለፋት እናት ስትመጣ ሁላችንም እንሳቀቅ ነበር። ስተርጅን ግን በ60 ዓመቷ ምርጥ ወላድ ናት።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሰዎች ይህን ሳያገናዝቡ በሥጋውና በውድ እንቁላሉ ምክንያት ተረባረቡበት። በ1892 ብቻ ከኮሎምቢያ 2,500 ቶን ያህል ስተርጅን ወጣ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዓሣው አለቀ። ሳልሞን ቢጎዳ በአራትና በአምስት ዓመት ትውልዱን ይተካል፤ ስተርጅን ለመተካት የአንድ ሰው ግማሽ ዕድሜ ይፈልጋል።

ስለዚህ የዛሬው ደንብ እኛ ከለመድነው የተገላቢጦሽ ነው። በገበያችን ትልቁ ዓሣ ነው የሚፈለገው። እዚያ ትንሹም ትልቁም ይለቀቃል፤ በመካከል ያለው ልክ ብቻ፣ እሱም ሲፈቀድ፣ ለጥቂት ቀናት ይወሰዳል። በብዙው ጊዜ ስተርጅን የሚያጠምድ ሰው ይዞ፣ አይቶ፣ መልቀቅ ብቻ ነው የሚችለው። መንጠቆው ወደ ኋላ የሚይዘው እሾህ የሌለው መሆን አለበት፤ በቀላሉ እንዲነቀል። ትልልቆቹን ደግሞ ፎቶ ለመነሳት እንኳ ሙሉ በሙሉ ከውኃ ማውጣት ክልክል ነው፤ ውኃው ካልደገፈው የገዛ ክብደቱ ውስጡን ይጎዳዋል። በጸደይ መጨረሻና በበጋ ከግድቡ በታች ያለው የመራቢያ ቦታ ለስተርጅን አጥማጅ ይዘጋል። ደንቡ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ የሚያጠምድ ሁሉ ከመውጣቱ በፊት ያነብበዋል።

ከድልድዩ ሥር

ከግድቡ ትንሽ አለፍ ሲሉ ካስኬድ ሎክስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ ድልድዩ አጠገብ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ራሳቸው ያጠመዱትን ዓሣ በበረዶ ይዘው ይሸጣሉ። ያካማ፣ ኡማቲላ፣ ዋርም ስፕሪንግስና ኔዝ ፐርስ የሚባሉት አራቱ ሕዝቦች እ.ኤ.አ. በ1855 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል መሬታቸውን ሲለቅቁ በጥንት ቦታቸው ዓሣ የማጥመድ መብታቸውን ግን አስጠብቀዋል። የፈረሙት የዛሬ ሻጮች ቅድመ አያቶች ናቸው።

ከሁሉ የሚበልጠው ማጥመጃቸው ከዚያ በላይ ያለው የሴሊሎ ፏፏቴ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ከየአቅጣጫው ሰው ተሰብስቦ ዓሣ የሚያጠምድበት፣ የሚገበያይበት፣ የሚጋባበት ቦታ ነበር። መጋቢት 10 ቀን 1957 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ የዳልስ ግድብ ውኃ ሲሞላ ፏፏቴው በሰዓታት ውስጥ ተዋጠ። ዛሬ በቦታው ጸጥ ያለ ሐይቅ ነው። በየጸደዩ ግን የመጀመሪያው ሳልሞን ሲመጣ ጸሎት አድርሰው፣ በማኅበር ቀምሰው ነው ወቅቱን የሚጀምሩት። ከዚያ በፊት ለራሱ የሚያጠምድ የለም።

ከአንዲት እናት ግማሽ ሳልሞን ገዛን። ልጄ ቤት በበርበሬና በቀይ ሽንኩርት ጉላሽ ሠራሁት። የልጄ ባል «ይህን ዓሣ በዘይት ላይ ዘይት ጨመሩበት» ብሎ ሳቀብኝ፤ እውነትም ስቡ ብቻውን ይበቃው ነበር። በሁዳዴ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እዚያም ቤት ተነስቶ ነበር፤ እኛ ከፋሲካ በኋላ ስለበላነው ተገላገልን።

ከነርስ የሚጠበቅ ምክር

ወደ ወንዝ ለምትወጡ ጥቂት ነገር ልበል። በሚያዝያ ውኃው 10 ዲግሪ ያህል ነው። ሰው ድንገት ሲወድቅበት መጀመሪያ የሚጎዳው ብርዱ ሳይሆን ትንፋሹ ነው። ሳይወድ በግድ አየር ይስባል፤ አፉ ውኃ ውስጥ ከሆነ ውኃ ይስባል። የመጀመሪያዋ ደቂቃ ትንፋሽን ማረጋጊያ ናት። ከዚያ በኋላ 10 ደቂቃ ያህል እጅና እግር ይታዘዛሉ፤ ሲያልፍ ጎበዝ ዋናተኛም ጣቱ አይጨብጥለትም። በብርዱ ራስን መሳት የሚመጣው ግን ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ብዙ ሰው የሚሞተው እንግዲህ ብርዱ ሳይደርስበት በመስጠም ነው። መንሳፈፊያ ጃኬት የሚለበሰው ለእነዚያ ደቂቃዎች ነው። በኦሪገን ሕግ 12 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች በሚንቀሳቀስ ጀልባ ላይ የግድ ይለብሳሉ፤ እኔ አያቶችንም እጨምራለሁ። ከውኃ የወጣ ሰው እርጥብ ልብሱ ይወልቅ፣ ደረቱና ሆዱ በደረቅ ብርድ ልብስ ይሸፈን፤ እጅና እግሩን አትሹ። «ያሙቀው» ብሎ አረቄ መስጠት ደግሞ ሙቀቱን ይብሱን ያባክንበታል።

ስለ ምግቡ። ሳልሞን አብዛኛውን ዕድሜውን በባሕር ስለሚያሳልፍ በወንዙ ውስጥ ካለው ብክለት የሚያገኘው ትንሽ ነው፤ ለልብ የሚጠቅም ስብም አለው። በወንዙ ውስጥ ብቻ የሚኖሩት ዓሦች ግን በአንዳንድ ቦታ ሜርኩሪና ሌላ ኬሚካል ስለሚገኝባቸው የጤና ባለሥልጣናት ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ። ነፍሰ ጡሮችና ትንንሽ ልጆች ማስጠንቀቂያውን ሳያዩ አይብሉ። ጥሬ ሳልሞን ለሚወዱ ልጆቻችሁ ደግሞ ኮሶ ከጥሬ ሥጋ ብቻ እንደማይመጣ ንገሯቸው። የዓሣም ኮሶ አለ። ውስጡ 63 ዲግሪ እስኪደርስ ማብሰል፣ ወይም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ሰባት ቀን ማቀዝቀዝ ይገድለዋል። የቤት ውሻ ካለም ጥሬ ሳልሞን አይቅመስ፤ በዚያ አካባቢ ያለው በሽታ ውሻ ይገድላል።

ሐምሌ ሲገባ

ከተመለስኩ በኋላ የማስበው ስለ ጣና ነው። በጣና ሐይቅ ውስጥ በሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል የባርበስ ዓይነቶች አሉ። ከእነሱ በርካቶቹ ክረምት ሲገባ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ እንደ ሳልሞን ከሐይቁ ወጥተው በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በገልዳ ወንዞች ሽቅብ እየተጓዙ እንቁላላቸውን በጠጠር ላይ ይጥላሉ። መረብም የሚዘረጋው በዚያው ወቅት፣ በዚያው ወንዝ አፍ ላይ ነው፤ ዓሣው ተሰብስቦ የሚገኘው ያን ጊዜ ነውና። አጥኚዎች የእነዚህ ዓሦች ቁጥር ክፉኛ እንደቀነሰ በተደጋጋሚ ጽፈዋል። አገራችንም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የዓሣ ሀብት አዋጅ አላት።

መረቡን የሚዘረጋውን ሰው አልወቅስም፤ ቤት የሚጠብቁት ልጆች አሉት። የአሜሪካኑ አጥማጅ ዓሣውን ለቅቆ ድንች ቢበላ ሱፐርማርኬት አለው። ይህን ልዩነት ሳይቆጥሩ መምከር ይቀላል። ግን የኮሎምቢያ ነባር ሕዝቦችም ሱፐርማርኬት በሌለበት ዘመን ነው የመጀመሪያው ዓሣ እስኪያልፍ መጠበቅን የለመዱት። አራት ወር ሙሉ መዝጋት ባይቻል፣ ጥቂት ሳምንት በወንዙ አፍ ላይ መረብ ማንሳት ለአጥማጁ ራሱ ለሚቀጥለው ዓመት ስንቅ ነው።

በዚህ ክረምት ባሕር ዳር ያለችውን እህቴን ልጠይቅ እሄዳለሁ። ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ጉማራን የምንሻገርበት ድልድይ አለ። እዚያ ቆሜ በዕድሜ የገፉትን አጥማጆች አንድ ነገር ልጠይቃቸው አስቤአለሁ፦ በልጅነታችሁ በሐምሌ ከዚህ ወንዝ ስንት ይወጣ ነበር? አሁንስ? መስኮትና መዝገብ በሌለበት ቦታ ቆጠራው ያለው በሽማግሌዎች ዘንድ ነው። እነሱ ሳያልፉ ልጆቻቸው ቢጽፉላቸው መልካም ነው።